ጎማው ሳይሞቅ

አዳማ ከተማ ውስጥ ከቀትር በኋላ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ላይ የሚቆም ሾፌር አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ «ጋሼ፣ ስንት ላድርገው?» መልሱ አንድ ቁጥር ነው፤ 30፣ 32፣ ወይም 35። መንገዱ ሩቅ ከሆነ «ጠንከር አድርገው» ይባላል። ፀሐዩ ከበረታ ደግሞ «ሙቀት ነው፣ ትንሽ ቀንስለት»። ኮምፕሬሰሩ ይሠራል፣ ጌጁ ይታያል፣ ሒሳብ ተከፍሎ ጉዞ ይቀጥላል። ጎማው በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንደሞቀ፣ መኪናው ምን ጭኖ እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት እንደሚነዳ የጠየቀ የለም። እነዚህ ሳይታወቁ የተነገረ ቁጥር ግን ግማሽ መልስ ነው። ያ ግማሽ መልስ ለረጅም ዘመን ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ኖሯል፤ አሁን ግን መንገዱ ተለውጧል።

መኪናን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። ይህን ሐሳብ በ1845 እ.ኤ.አ. ሮበርት ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ነበር፤ ገበያ ያገኘው ግን ጆን ቦይድ ደንሎፕ በ1888 ቤልፋስት ውስጥ እንደገና ከፈጠረው በኋላ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከነተሳፋሪዎቿ 1,200 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ የቤት መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 300 ኪሎ ያህል ታሳርፋለች። ጌጁ 32 ሲል አየሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ኪሎ ከሩብ ያህል እየገፋ ነው። 300ን ለዚያ ስናካፍል 133 ካሬ ሴንቲ ሜትር እናገኛለን፤ አንድ ጎማ አስፋልቱን የሚነካው በአንድ ሰው መዳፍ ስፋት ብቻ ነው ማለት ነው። የጎማው ጎን ራሱ ከጭነቱ ጥቂት ስለሚሸከም ትክክለኛው ስፋት ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ ግምቱ ግን ሩቅ አይደለም። ፍሬን ሲያዝ፣ መሪ ሲዞር፣ መኪና ሲቀደም፣ ሁሉም የሚከናወነው በእነዚያ አራት ቦታዎች ላይ ነው። አየሩ ሲቀንስ ቦታው ይሰፋል፣ ጎማው ይረግባል፣ ጎኑ ይታጠፋል።

መታጠፉ ነው መዘዙ። ጎማ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር መሬት የሚነካው ክፍል ይደፈጠጥና ተመልሶ ይቃናል። ላስቲክ ደግሞ ለመደፍጠጥ የወሰደውን ጉልበት ሁሉ አይመልስም፤ ከፊሉ እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በአሮጌው የአዲስ አበባ አዳማ መንገድ ላይ፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መሃል ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተቱ ሲሄዱ ያ ሙቀት ለመውጣት ጊዜ ነበረው። በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ፈጣን መንገድ ግን ሌላ ዓለም ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ የክፍያ መንገድ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ፍጥነት ታስቦ የተሠራ ሲሆን ባለ ስድስት መስመር፣ አጥር ያለው፣ መብራት የማያስቆመው ነው። ዙሪያው 2 ሜትር የሚሆን የትንሽ መኪና ጎማ በዚያ ፍጥነት በሰከንድ 17 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ እስኪገባ ከ42,000 ጊዜ በላይ ዞሯል፤ ከ42,000 ጊዜ በላይም ተደፍጥጦ ተቃንቷል፤ ያውም ሳያርፍ። ከሞጆ ወደ መቂና ባቱ የሚወስደው የሐዋሳ ፈጣን መንገድም ይኸንኑ ፍጥነት ወደ ስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ይዞት ወርዷል። ድሮ ከጉድጓድና ከድንጋይ ጋር ሲታገል የነበረ ጎማ ዛሬ ዋና ጠላቱ ከውስጥ የሚነሣ ሙቀት ሆኗል፤ በዓይን የማይታይ በመሆኑም ብዙ ሾፌር ገና አልተዘጋጀለትም።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ዓለም በውድ ዋጋ ተምሮታል። በነሐሴ ወር 2000 እ.ኤ.አ. ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከአሜሪካ ገበያ ሰበሰበ። አብዛኞቹ የተገጠሙት ፎርድ ኤክስፕሎረር በሚባለው ከፍ ያለ መኪና ላይ ነበር። የጎማው የላይኛው ክፍል በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ ከብረት ሽቦው ይላቀቅና መኪናው ይገለበጥ ነበር፤ የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከዚሁ ጋር ያያዛቸው ሞቶች 271 ደርሰዋል። ምርመራው በጎማው አሠራር ላይ ጉድለት አግኝቷል። ነገር ግን ያ ጉድለት በሁሉም ቦታ እኩል አልገደለም። አደጋው የተደጋገመው በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳ፣ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ፣ ማለትም ሙቀት በሚበረታባቸው ግዛቶች ነው። የመኪናው አምራች እንዲሞላ ያዘዘው ግፊት 26 ብቻ የነበረ ሲሆን የጎማው አምራች በኋላ 30 ይሁን ብሏል። ዝቅተኛ ግፊት፣ ሙሉ ጭነት፣ ሞቃት አስፋልት፣ ረጅም ፈጣን ጉዞ፦ እነዚህ አራቱ ሲገጣጠሙ ደካማው ጎማ ተሸነፈ። አራቱም በበዓል ሰሞን ቤተሰብና ጓዝ ጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወርድ መኪና ላይ ይገጣጠማሉ።

ወደ ስምጥ ሸለቆ መውረድ ራሱ በጎማው ላይ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ብዙ ሾፌሮች በእርግጠኝነት የሚናገሩት ነገር አለ፦ «ቆላ ስትወርድ አየሩ ይነፋል፣ ስለዚህ ቀንሰህ ውረድ»። ከፊሉ እውነት ነው፤ ሙሉውን ግን ቁጭ ብሎ ማስላት ያስፈልጋል።

ጌጅ የሚለካው ልዩነትን ነው፤ በጎማው ውስጥ ያለው አየር ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ። በ2,300 ሜትር ከፍታ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ የውጭው አየር ራሱ በ11 ፒኤስአይ (ጌጁ በሚቆጥርበት መለኪያ) ገደማ ይጫናል። አዳማ በ1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች እዚያ 12 ይሆናል። ከ1,000 ሜትር ዝቅ በምትለው መተሐራ 13፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ደግሞ 14.7 ነው። ስለዚህ ወደ ታች ስንወርድ የውጭው አየር እየከበደ ይመጣና ጌጁ ላይ የሚታየው ቁጥር ይቀንሳል። ሙቀት ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፦ የታሸገ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል።

እንግዲህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አዲስ አበባ ላይ፣ አየሩ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳለ፣ አንድ ጎማ 32 ተሞላ እንበል። ይኸው መኪና አዳማ ወርዶ ጥላ ሥር ቆሞ ከጉዞ ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በ30 ዲግሪ ሲለካ፣ የቀኑ ሙቀት 2.7 ያህል ጨምሮለታል፤ የከፍታው መቀነስ 1 ወስዶበታል። ጌጁ የሚያሳየው 33.7 ነው። መተሐራ ድረስ ቢወርድና በ35 ዲግሪ ቢለካስ? ሙቀቱ 3.5 ይጨምራል፤ ዝቅታው 2 ይቀንሳል፤ የሚገኘው 33.5 ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ፈንታሌ ተራራ ግርጌ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርደን፣ ሙቀቱም በ23 ዲግሪ ጨምሮ፣ ጎማው ላይ የታየው ለውጥ 1.5 ብቻ! ሙቀቱ ከሚሰጠው ብዙውን ቁልቁለቱ ይወስደዋል። ይህን ሒሳብ መጀመሪያ ያየ ሰው መገረሙ አይቀርም፤ እኔን አሁንም ያስደንቀኛል። «ቆላ ነው» ብሎ ከመነሻው አየር መቀነስ ስለዚህ ምክንያት የለውም።

በጉዞ ላይ ከመታጠፍ የሚመጣው ሙቀት ግን የተለየ ነው። በፈጣን መንገድ ላይ ሮጦ አዳማ የገባ ጎማ ውስጡ 50 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ጌጁ 36 ወይም 37 ቢያሳይ ጎማው ጤነኛ ነው። አምራቾች ይህን ጭማሪ አስቀድመው አስበውበት ነው ቁጥሩን የሚያወጡት። አሳሳቢው ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ሾፌሩ 37 ሲያይ ይደነግጣል፤ «ሊፈነዳ ነው፣ ወደ 32 አውርደው» ይላል። ጎሚስታው ቫልቩን ይጫንና ያስተነፍሳል። በማግስቱ ንጋት ላይ፣ አዳማ 15 ዲግሪ ሳለች፣ ያ ጎማ 27 ብቻ ይዞ ይገኛል። ከዚያም አምስት ሰው ጭኖ፣ ሽቅብ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ግፊቱ ስላነሰ የበለጠ ይታጠፋል፤ የበለጠ ስለታጠፈ የበለጠ ይሞቃል። ቀጥሎ የሚያስለካው ሲሞቅ ከሆነ ደግሞ እንደገና «ሙሉ» መስሎ ይታያል። የጎማ ፍንዳታን በመፍራት የተወሰደ እርምጃ ፍንዳታውን አቀረበው። አዳዲስ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ያለው የጎማ ማስጠንቀቂያ መብራትም እዚህ ላይ ላይረዳ ይችላል፤ ከፋየርስቶን አደጋ በኋላ አሜሪካ በአዳዲስ ትናንሽ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ ያደረገችው ይህ መብራት እንዲበራ የሚጠበቅበት ግፊቱ ከታዘዘው በ25 በመቶ ሲቀንስ ነው። ለ32 ይህ 24 ማለት ነው። 27 ላይ ያለ ጎማ ያለ ምንም ምልክት ይሮጣል።

ወደብ ለሚመላለሱ ከባድ መኪኖች ልዩነቱ ይሰፋል። ጅቡቲ ላይ በ40 ዲግሪ ሙቀት 110 የተሞላ የተሳቢ ጎማ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ በ15 ዲግሪ ሌሊት ቆሞ ሲያድር ወደ 103 ይወርዳል፤ አንዲት ትንፋሽ አየር ሳትወጣው። ጥንድ ሆነው በሚገጠሙት የኋላ ጎማዎች ላይ ደግሞ አንዱ ሲተነፍስ ጓደኛው የሁለቱን ጭነት ብቻውን ይሸከማል፤ የተነፈሰውም ተደግፎ ስለሚቆም ከውጭ አያስታውቅም። ረዳቶች ጎማውን በብረት እየመቱ ድምፁን የሚያዳምጡት ለዚህ ነው። ልምዱ ጥሩ ነው፤ ጨርሶ የተነፈሰን ጎማ ያጋልጣል። በ103 እና በ90 መካከል ያለውን ልዩነት ግን ጆሮ አይለየውም። ጌጅ ያስፈልጋል።

ለመሆኑ አየር ሆን ተብሎ የሚቀነስበት ጊዜ የለም? አለ፤ ነገሩን በደንብ የሚያስረዳውም እሱ ነው። በአሜሪካ ድራግ ሬስ በሚባለው ውድድር ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው 402 ሜትር ቀጥ ብለው ይሮጣሉ። ለዚህ የሚሠራ ድራግ ራዲያል የሚባል ጎማ አለ፤ በሕዝብ መንገድ ላይም በሕግ ሊነዳ ይችላል፣ ላስቲኩ ግን ለስላሳ፣ ጥርሱ ጥልቀት የሌለው ነው። ባለቤቱ ከተማ ውስጥ ሲነዳው 30 አካባቢ ይሞላዋል። ውድድሩ ሜዳ ሲደርስ ወደ 20 ወይም 15 ያወርደዋል። የቅድሙን ሒሳብ እናስታውስ፦ በ32 ግፊት 133 ካሬ ሴንቲ ሜትር የነበረው፣ በ18 ወደ 236 ይሰፋል። ሞተሩ በመነሻዋ ቅጽበት የሚያወጣውን ጉልበት መሬት ላይ ለማሳረፍ ያ ስፋት ዋጋ አለው።

ተወዳዳሪው ቁጥሩን በዘፈቀደ አይመርጥም። ከተነሣ በኋላ ጎማው አስፋልቱ ላይ የተወውን ጥቁር መስመር ጎንበስ ብሎ ያያል። መሃሉ ጠቁሮ ዳርና ዳሩ ከሳሳ አየሩ በዝቷል፤ ዳሮቹ ጠቁረው መሃሉ ከሳሳ አንሷል። ከዚያ በግማሽ ፒኤስአይ እየቀነሰ ወይም እየጨመረ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል እስኪጠቁር ይሞክራል። የሚለካውም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሁኔታ ነው፤ ትናንት ጎማው በርዶ ከለካ ዛሬ ሞቆ አይለካም። ይህን ጥንቃቄ ከድራግ ተወዳዳሪ ብንወርስ ደስ ይለኛል። ዝቅተኛውን ግፊት ግን አንወርስም። እሱ የሚነዳው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ጎማው ለመጋል ጊዜ የለውም። ሜዳው በማጣበቂያ ተቀብቷል፣ ኩርባ የለም፣ ከፊቱ አህያና ሕፃን አይገባም። በለስላሳ ግፊት መስመር ለመቀየር የሚሞክር መኪና ጎማው ከሥሩ እየተንሸራተተ መሪው ዘግይቶ ይታዘዛል። አዳማ መግቢያ ላይ፣ ባልተቀባ አስፋልት፣ በሰውና በመኪና መሃል፣ የጎማ አየር ቀንሶ ጉልበት ለመሞከር የሚያስብ ወጣት ካለ፣ የሚያገኘው ጥቅም ኢምንት፣ የሚያጋልጠው የሌላ ሰው ሕይወት መሆኑን ይወቅ።

በአገራችን አየር መቀነስን በአግባቡ የሚጠቀሙበት ወደ ዳናክል የሚወርዱ የላንድክሩዘር ሾፌሮች ናቸው። አሸዋው ላይ ሲደርሱ ያስተነፍሳሉ፣ ጎማው ሰፍቶ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል፣ በዝግታ ይሻገራሉ። አስፋልት ሲይዙ ኮምፕሬሰራቸውን አውጥተው መልሰው ይሞላሉ። መልሶ መሙላቱ ነው ሙያው።

ክረምት ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ፈጣኑ መንገድ ላይ ውኃ ሲተኛ ጎማው ውኃውን ጨፍልቆ አስፋልቱን መንካት አለበት፤ ካልቻለ መኪናው ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ፍሬንም መሪም አይሠራም። በ1960ዎቹ የናሳ ተመራማሪዎች ለአውሮፕላን ጎማዎች ያወጡት ቀመር ይህ የሚጀምርበት ፍጥነት በጎማው ግፊት ላይ እንደሚመረኮዝ አሳይቷል። ለመኪና ስናውለው ግምታዊ ነው፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ጥርሱ ላለቀ ጎማ፣ በ32 ግፊት በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር አካባቢ፤ በ27 ወደ 86፤ በ22 ወደ 78። ከላይ ያየነው፣ ሞቆ ሳለ የተነፈሰው ጎማ በሙቀት ብቻ ሳይሆን በዝናብም ይቀጣል።

ታዲያ ቁጥሩ ከየት ይገኛል? ከጎማው ጎን ላይ አይደለም። እዚያ የታተመው ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው፤ በብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ 44 ወይም 51 ይላል። እሱን እንደ ትእዛዝ ወስዶ የሚሞላ ሰው መዳፍ የምታህለውን ቦታ ያጠብባታል፤ ጎማው መሃሉ ይበላል፣ ፍሬንም ይረዝምበታል። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው፤ በአንዳንድ መኪና ደግሞ የነዳጅ መክደኛው ውስጥ። በባር ከተጻፈ በ14.5 ማባዛት ነው፤ 2.2 ባር 32 ይሆናል። በኪሎ ፓስካል ከሆነ 220 ማለት እሱው ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ረድፍ አለው፤ አንዱ ለጥቂት ሰው፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት። ሻንጣና ሰው ሞልቶ ወደ ላንጋኖ የሚወርድ ሰው ሁለተኛውን ረድፍ ይመልከት፤ ለኋላ ጎማዎች የሚጨመረው ትንሽ አይደለም። ሚኒባስ የሚነዱ ወንድሞቻችን ከሁሉም በላይ ሊያዩት የሚገባው ይህንን ረድፍ ነው፤ ወረቀቱ የሚቆጥረው ግን በሕጋዊ ወንበር ልክ ነው፣ ትርፍ ለጫነ የተጻፈ ቁጥር የለም።

ከመነዳሪ በሌለው ራዲያል ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ጨምሮ የመንዳት ልማድም በፈጣን መንገድ ላይ መቅረት ያለበት ነው። ከመነዳሪው ከጎማው ውስጥ እየተፋተገ ይሞቃል፣ ሲበሳም ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንዴ ይተነፍሳል። ናይትሮጅን ስለመሙላት የሚጠይቅ ካለ፦ ተራው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ደረቅ መሆኑ ጥቂት ይጠቅማል፣ ጌጅን ግን አይተካም።

መለኪያው ጠዋት ነው፤ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ፀሐይ አንዱን ጎን ሳታሞቀው። አዳማ ያደረ አዳማ ላይ፣ ሻሸመኔ ያደረ ሻሸመኔ ላይ ይለካ። ጎሚስታው ሩቅ ካልሆነ፣ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር በዝግታ ተነድቶ ቢደረስ ለውጡ ትንሽ ነው። የራስን ጌጅ መኪና ውስጥ መያዝ ግን ይሻላል፤ የጎሚስታ ቤቱ ጌጅ በየቀኑ ሲወድቅና ሲጎተት የሚውል ነው። በጉዞ መሃል የግድ መሙላት ካስፈለገ፣ ከወረቀቱ ቁጥር በላይ 4 ያህል ጨምሮ ሞልቶ ሲያድር እንደገና ማስተካከል ነው። ሞቆ ሳለ ከፍ ብሎ የታየውን ግን ማስተንፈስ አይገባም።

ስኮርታውም አብሮ ይለካ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግማሹ ተንፍሶ ነው፤ ጎማ በወር 1 ያህል ግፊት በራሱ ይቀንሳልና። የተሠራበትንም ጊዜ ጎኑ ላይ ከታተሙት የመጨረሻ አራት አኃዞች ማንበብ ይቻላል፦ 2314 ማለት በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ ከ10 ዓመት በላይ በመኪናው ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ስኮርታ ላስቲኩ ደርቋል፤ ክሪኩ ወርዶ እሱ ከተገጠመ እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ በዝግታ፣ በቀኝ መስመር ይነዳ።